ስም የሌለው ቁልፍ

በባንክ ቤት አዲስ የተቀጠረ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ገንዘብ መቁጠርን ይመስላችሁ ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ግን ብቻውን አለመሆንን ነው። ካዝናው በሁለት ቁልፍ ይከፈታል፤ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ ሁለተኛው በሌላ ኀላፊ እጅ ነው። ሁለቱ ጧት ተገናኝተው ጎን ለጎን ካልቆሙ በቀር ያ የብረት በር ንቅንቅ አይልም። አዲሱ ወጣት ይህን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ በሆዱ «አላመኑኝም» ይላል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ሒሳቡ አልገጥም ባለበት አንድ ምሽት፣ ያ ሁለተኛ ቁልፍ ምስክሩ እንደ ነበረ ይገባዋል። ብቻውን ያልከፈተውን በር ብቻውን ዘረፈ የሚለው የለምና።

እንግዲህ ካዝናን ያነሣሁት ስለ ሌላ በር ለመናገር ነው። ዛሬ የቁጠባ ሒሳባችን፣ የልጆቻችን የፈተና ውጤት፣ የደንበኛ ውልና የብድር መዝገብ የሚያድሩት በሰርቨር ውስጥ ነው። ሰርቨር ማለት ቀን ከሌት የማይተኛ፣ የብዙ ሰው ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚመልስ ኮምፒዩተር ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ተቀምጠን የምንገልጠው መዝገብ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ባለ ማሽን ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስተዳድረውም ባለሙያ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ አጠገብ የለም። ከቤቱ ወይም ከመንገድ ላይ ሆኖ በኢንተርኔት በኩል ይገባል። የካዝናው በር ባለቁልፉን አቁሞ ሰው ሁሉ ፊቱን ያየዋል። ይህኛው በር ግን ፊት አያይም። ታዲያ የመጣውን ሰው በምን ያውቀዋል? ከገባስ በኋላ ማን እንደ ነበረ በምን ይመሰክርበታል? ወይስ ይመሰክርለታል?

በከተማችን ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። ስሙን አልጠራውም፤ የሚጠቅም ነገር የለውምና። ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከትልልቆቹ የወረቀት መዝገቦች ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረ። ሰርቨሩ በኋለኛው ክፍል፣ ከአሮጌዎቹ መዝገቦች መደርደሪያ ሥር፣ ከመጠባበቂያ ባትሪው ጋር ተቀመጠ። (ባትሪው ግድ ነው። ከሰማይ ብርሃን ወረደባት ተብላ በተሰየመች ከተማ መብራት የሚጠፋበት ቀን ጥቂት አይደለም።)

ይህን ሰርቨር ከርቀት የሚነኩት አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ትምህርቱን በቅርብ የጨረሰ የማኅበሩ ቴክኒሽያን፣ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛችን፣ ሁለቱ ፕሮግራሙን የሸጠልን ድርጅት ባለሙያዎች። ልጁ ለምን ከርቀት እንደሚገባ ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት አያሻም። በኅዳር ውርጭ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ጅብ በሚጮኽበት መንገድ ወደ ቢሮ ከመሄድ ይልቅ ባናውን ተከናንቦ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ ማስተካከል ይሻላል። ማንም ቢሆን ይህንኑ ያደርጋል። ከርቀት መሥራት ነውር የለበትም።

ነውሩ አራቱም የሚገቡት በአንድ ስም መሆኑ ነበር። በሊኑክስ ቋንቋ «ሩት» ይሉታል፤ ሁሉን የሚችለው የተጠቃሚ ስም ነው። ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ የሌላውን ሰነድ ያነብባል፣ ከፈለገም የራሱን ዱካ ያጠፋል። ለአራቱ አንድ ስም፣ ለአራቱ አንድ የይለፍ ቃል። ያም የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ተጽፎ በጠረጴዛው መስታወት ሥር ይታይ ነበር።

አንድ ሰኞ ጧት የአሥራ አንድ ተበዳሪዎች የመዘግየት ቅጣት ከመዝገቡ ጠፍቶ ተገኘ። ገንዘቡ ያን ያህል አልነበረም። የሰርቨሩ የመግቢያ መዝገብ ሲታይ «ሩት፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከአርባ» ይላል። የገባበት አድራሻ የሞባይል ኢንተርኔት አድራሻ ነው፤ እንዲህ ያለው አድራሻ ደግሞ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው የሚያገለግል ስለ ሆነ እገሌ ነው አያሰኝም።

ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ተሰበሰበ። ሻጩ ድርጅት «የእኛ ሰዎች በዚያ ሰዓት አልሠሩም» ብሎ ጻፈ። የሒሳብ ሠራተኛዋ አለቀሰች፤ የሃያ ዓመት አገልግሎቷም ቆመላት። ልጁ «እኔ አይደለሁም» አለ፤ ከዚያ በላይ የሚለው አልነበረውም። ቅዳሜ ማታ ቤቱ ተኝቶ እንደ ነበረ ማን ይመስክርለት? በስብሰባው ላይ የተናገርሁትን አሁንም እደግመዋለሁ፤ ይህ መዝገብ «ጥፋተኛ ነው» አይልም፣ «ንጹሕ ነው»ም አይልም፤ መዝገቡ ዲዳ ነው፤ ዲዳ ምስክር አቁመን በሰው አንፍረድ አልሁ። ውሳኔ አልተሰጠም። በትንሽ ከተማ ግን ውሳኔ ሳይሰጥም ይፈረዳል፤ ልጁ ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ መቆም ጀመረ። በሁለተኛው ወር ሥራውን ለቅቆ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከአራቱ አንዳቸውም ላይሆኑ ይችላሉ፤ በመስታወት ሥር የተቀመጠ ቃል ያነበበው ብዙ ነውና። ሕጉማ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዐት መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ሕግ ግን ስም ይፈልጋል፤ እኛ የነበረን ስም «ሩት» ነው፤ «ሩት» ደግሞ ችሎት አይቆምም።

የጋራ የይለፍ ቃል ሌባን ይሸሽጋል ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ሌባ ያልሆኑትን ሁሉ ከሌባው ጋር አንድ ላይ መቁጠሩ ይመስለኛል። ስለ ኮምፒዩተር ደኅንነት የሚጽፉ ሰዎች አጥቂውን ለማገድ ብዙ ቀለም ያፈሳሉ፤ ስለ ታማኙ ሠራተኛ የሚጽፈው ጥቂት ነው።

ከርቀት ማስተዳደር እኮ ለእኛ ሀገር አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው በአንኮበር ሲቀመጡ፣ ርቆ ላለ ሹም የሚሄደው ትእዛዝ በወረቀት ይሄድ ነበር፤ በደብዳቤው ራስ ላይም ማኅተም ያርፍበታል። ሹሙ የንጉሡን ፊት አያይም፤ የሚያየው የማኅተሙን ቅርጽ ነው። ልብ በሉ፤ ማኅተሙ ራሱ ከአንኮበር አይወጣም። ከሚጠብቀው ሰው እጅ ሳይለይ ይኖራል፤ በበቅሎ ጀርባ የሚጓዘው ምልክቱ ብቻ ነው። መልእክተኛው መንገድ ላይ ቢያዝ አንድ ደብዳቤ ይጠፋል እንጂ ማኅተሙ አይጠፋም።

የይለፍ ቃል ግን ራሱ ተጓዥ ነው፤ በተጠየቀበት ሁሉ ይሄዳል። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ባለሙያዎች ከሩቅ ማሽን ጋር ይነጋገሩበት የነበረው ቴልኔት የተባለው መንገድ የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን እንደ ተጻፈ ይልከው ነበር፤ በመስመሩ ላይ ጆሮውን የጣለ ሁሉ ያነብበዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ እንዲህ ያለ የይለፍ ቃል ሌብነት ደረሰ። እዚያው ተመራማሪ የነበረው ታቱ ዩሌነን ኤስ ኤስ ኤች የተባለውን፣ ንግግሩን ሁሉ በምስጢር ጽሕፈት ሸፍኖ የሚያመላልስ መንገድ ሠራ። ለመግቢያውም ቁጥር 22ን ጠይቆ ተሰጠው፤ ቴልኔት በ23፣ ፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ በ21 ስለ ነበሩ በመካከላቸው ያገኛት ባዶ ቦታ ናት። ዛሬ የዓለም ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በዚህች መንገድ ነው፤ የእኛው የኋለኛ ክፍል ማሽንም እንዲሁ።

መንገዱ ቢሸፈንም በሩ ላይ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል ከሆነ ገማች አይጠፋም። በልጁ ቦታ የተቀጠረችው ቴክኒሽያን መጀመሪያ ያሳየችን ይህንኑ ነው። የአንድ ሌሊት የመግቢያ ሙከራዎችን አትማ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያለ ገጽ ከገጽ ይወርዳል። ሊቀ መንበራችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ካዩ በኋላ፦

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ምን አድርገነው ነው?» አሉ።

«ሰው አይደለም ጋሼ፤ ማሽን ነው። እኛንም አያውቀንም። ያገኘውን በር ሁሉ እያንኳኳ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ የይለፍ ቃል መግቢያውን ጨርሳ ዘጋችው። በምትኩ ለእያንዳንዱ ሰው ጥንድ ቁልፍ አበጀች። ነገሩ ለባንክ ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት ፊርማውን በናሙና ካርድ ላይ እንወስዳለን፤ ካርዱ ከእኛ ዘንድ ይቀመጣል፣ የሚፈርመው እጅ ግን ከደንበኛው ጋር ይሄዳል። ካርዱን የሰረቀ ሰው ምን እንደሚመስል ያያል እንጂ እጁን አያገኝም። ጥንዱም ቁልፍ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ይፋ ነው፣ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው የግል ነው፣ ከባለቤቱ ኮምፒዩተር አይወጣም። ሰውየው በሩ ላይ ሲደርስ ሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ የሆነ ነገር ሰጥቶ «ፈርምበት» ይለዋል። ፊርማው ከይፋው ቁልፍ ጋር ከገጠመ ይገባል። የትናንቱ ፊርማ ለዛሬ አይሠራምና መንገድ ላይ ቢሰረቅም ጥቅም የለው።

ግጥም የሚሞክር ሰው ስለ ሆንሁ «ይህስ ሰምና ወርቅ ነው» ለማለት ምላሴን አሳክቶኝ ነበር። ግን አይደለም። ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን አሽቶ ወርቁን ያወጣዋል፤ ባለቅኔውም እንዲወጣለት ነው የሚደክመው። ከይፋው ቁልፍ የግሉን ለማውጣት ግን ብልሃት አይረዳም፤ የዓለም ኮምፒዩተሮች ዕድሜ ልካቸውን ቢያሰሉም እንዳይደርሱበት ሆኖ የተሠራ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ላፕቶፑ ራሱ ቢሰረቅስ? ስለዚህ የግል ቁልፉ በራሱ ሐረግ ይቆለፋል፤ ረጅም፣ በልብ የሚያዝ፣ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ሐረግ። ሊቀ መንበራችን ለራሳቸው ምን ሐረግ እንደ መረጡ ባላውቅም ሲጽፉት ከንፈራቸው ዳዊት እንደሚደግም ሰው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ሩት» በቀጥታ እንዳይገባ ተከለከለ። አሁን ሰው የሚገባው በገዛ ስሙ ነው። ትልቅ ሥልጣን የሚፈልግ ሥራ ሲገጥመው «ሱዱ» በሚባል ትእዛዝ ለዚያች ሥራ ብቻ ሥልጣኑን ይዋሳል፤ መዝገቡም «እገሌ፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን አዘዘ» ብሎ ይጽፋል። ሱዱ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ በአሜሪካ በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ማለትም መድኀኒቱ ከእኛ ችግር አርባ ዓመት ይቀድማል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ሥልጣን ጨርሶ አልተሰጣትም፤ ለሥራዋ አያስፈልጋትምና። መጀመሪያ ቅር አላት። ኋላ፣ የሆነ ነገር ሲበላሽ የሚጠየቁት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስሟ እንደማይኖር ስትረዳ «እፎይ» አለች።

የሻጩ ድርጅት በር ግን አከራከረን። «ችግር ሲኖር እንድንደርስላችሁ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን» ይላሉ። ልጅቱ አሻፈረኝ አለች። ሲያስፈልጋቸው ደውለው ይጠይቃሉ፤ ለተወሰነ ሰዓት ይከፈትላቸዋል፤ ሥራው ሲያልቅ ይዘጋል፤ ሁለቱም በየስማቸው ይገባሉ። ሊቀ መንበሩ ነገሩ የበዛ መስሏቸው፦

«አንቺ ልጅ፣ ቤቱን በሙሉ ቆልፈሽ ልትጨርሺብን ነው እንዴ?» አሏት።

«እናንተን ልቆልፍባችሁ አይደለም ጋሼ። ነገ ሌባ ሲፈለግ ስማችሁ እንዳይነሣ ነው።»

ይህች መልስ ከአንድ ጥራዝ የደኅንነት መመሪያ ትበልጥብኛለች።

በሩንም ከአደባባይ አነሣችው። መግቢያ ቁጥሩን ከ22 ወደ ሌላ መለወጥ እንደ ትልቅ ጥበብ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በበኩሌ የቤትን ቁጥር ፍቆ ሌላ ቁጥር እንደ መጻፍ አየዋለሁ፤ ሰነፉን ያሳስታል፣ የቆረጠውን አያቆምም። እርሷ ያደረገችው በሩን ዋየርጋርድ ከተባለ የግል መረብ በስተኋላ ማስቀመጥ ነው። የዚህ መረብ ጠባይ ደስ ይለኛል፤ ቁልፍ የሌለው ቢያንኳኳ አይመልስም፣ «የለም» እንኳ አይልም። ከዚያ ወዲህ ያ ገጽ ከገጽ ይወርድ የነበረ የሙከራ ዝርዝር ባዶ ሆነ።

ሌላው መዝገቡ የሚኖርበት ቦታ ነው። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ላይ የደረሰውን የባንክ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሌቦቹ ከሩቅ ሆነው ወደ ባንኩ መረብ ገቡ፤ የሠራተኞቹን የመግቢያ መለያ ይዘው በኒው ዮርክ ካለው የባንኩ ሒሳብ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንዲተላለፍ አዘዙ። 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ሄደ። ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን የተመለሰው በተቀባዩ ስም ላይ በተገኘ የፊደል ስሕተት ምክንያት ነው። እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ አታሚው ነው። እያንዳንዱ ዝውውር በወረቀት የሚያትም ማሽን ነበር፤ ሌቦቹ እርሱን ዝም አሰኙት። መዝገብ ጸሐፊው ከተጻፈበት ሰው ሥልጣን በታች ከሆነ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ የእኛ የመግቢያ መዝገብ ወዲያው ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን ይተላለፋል፤ በሰርቨሩ ላይ ሁሉን የሚችለው ሰው በዚያ ማሽን ላይ ምንም አይችልም። ያን ማሽን የምናየው እኛ የቁጥጥር ኮሚቴዎች ነን።

ማየት ስል ሰዓቱንም ማየት ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ስለ አዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ አንድ ዘገባ አወጣ። በዘገባው መሠረት ከ2012 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በየሌሊቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ቢሮዎቹ ባዶ በሆኑበት ጊዜ፣ ከሰርቨሮቹ ብዙ መረጃ ወደ ሻንግሃይ ይጎርፍ ነበር። ቻይና ፈጽማ አስተባብላለች፤ ፍርዱ የእኔ አይደለም። እኔ የያዝሁት ሰው በማይሠራበት ሰዓት የሚሠራ ማሽንን «ማን አዘዘህ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

በስም የተጻፈ መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በሀገራችን በዐይናችን አይተናል። መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዐት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ነገሩ ከውጭ የመጣ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ገልጾ፣ አላግባብ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። በጓዳ ያለ ማሽን ላይ የሚደረግ አንድ ለውጥ ሳይነጋ በመላ ሀገሪቱ እንደሚደርስ ያን ሌሊት ያላወቀ አወቀ። ግን ማን ስንት እንደ ወሰደ ክርክር አልነበረም። እያንዳንዱ በገዛ ስሙና በገዛ ሒሳቡ ነው የወሰደው። ገንዘቡን ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ሲለጠፍ፣ ማጋለጡ ለእኔ ደስ ባይለኝም፣ ያልወሰደው ተማሪ ግን «አንተም እዚያ ግቢ ነበርህ» ተብሎ አልተያዘም።

ባለፈው ዓመት ላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና ስጠብቅ ያን ልጅ አገኘሁት። ሥራ ይዟል፤ ደኅና ነው። ስለ ማኅበሩ ላለማንሣት ብዙ ዞርን። መኪናው ሊሞላ ሲል እርሱ ራሱ ጠየቀኝ።

«አሁን መዝገቡ ስም ይጽፋል?»

«ይጽፋል።»

«የእያንዳንዱን?»

«የእያንዳንዱን።»

ራሱን ነቀነቀና ቦርሳዬን ወደ መኪናው አቀበለኝ።

ስለ እኛ አካባቢ ሳልጽፍ የማላልፈው ሌላ ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ስለ ሰርቨር ደኅንነት የሚጻፉት መመሪያዎች መስመር የማይቋረጥበት ሀገር ላይ ሆነው የተጻፉ ናቸው። ከቁልፉ ጋር ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር ይገባል ይላሉ፤ ትክክል ነው። ግን ማረጋገጫው በመልእክት የሚላክ ከሆነ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ባለቤቱም ሌባውም እኩል ውጭ ይቀራሉ። እኛ የመረጥነው በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ባለስድስት አኀዝ ቁጥር በስልኩ ላይ የሚያሰላውን መተግበሪያ ነው። ስልኩና ሰርቨሩ መጀመሪያ ላይ አንድ ምስጢር ይካፈላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ከሰዓታቸው ጋር እያሰሉ አንድ ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። ስልኩ ኢንተርኔት አያሻውም፤ ሰዓቱ ትክክል ይሁን እንጂ።

መስመሩ ጨርሶ ሲጠፋስ? ያን ጊዜ መልሱ ባና ለብሶ፣ ጅቡን አልፎ፣ ማሽኑ ድረስ መሄድ ነው። ለዚያ ቀን የመጨረሻው የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ውስጥ አለ፤ በእሽጉ ላይ የሦስት ሰዎች ፊርማ አርፎበታል፤ ያለውም ሌላ ቦታ ካዝና ውስጥ ነው። የካዝናን ትርፍ ቁልፍ በሌላ ቅርንጫፍ የምናስቀምጥበት ሥርዐት ነው። ፖስታው ከተከፈተ ቃሉ በማግስቱ ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ቁልፉን የሠራው አንጥረኛ ራሱ ቢከዳስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሆኗል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ የንግድ ባንኩ ነገር ገና ሳይበርድ፣ አንድሬስ ፍሮንድ የተባለ መሐንዲስ በሚሞክረው ማሽን ላይ የኤስ ኤስ ኤች መግቢያ ግማሽ ሴኮንድ ያህል እንደ ዘገየ አስተዋለ። ግማሽ ሴኮንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈዋል። እርሱ ግን ሥሩን ሲምስ «ኤክስዜድ» በተባለ፣ ፋይል በሚያጭቅ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ስውር በር አገኘ። በሩን ያስገባው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት እያገለገለ አመኔታ ያተረፈ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ነው። ፕሮግራሙን ለዓመታት የያዘው ባለሙያ ብቻውን ነበር፤ ደክሞትም ነበር። ብቻውን ለደከመ ሰው «ላግዝህ» የሚል ድምፅ እንዴት እንደሚጥም መገመት አይከብድም። አምስት ሳንቲም አልገጥም ብላ እስከ ማታ ያስመሸችው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ለምን ለግማሽ ሴኮንድ እንደ ተጨነቀ ይገባዋል።

ቴክኒሽያኗ ዘንድሮ የተሻለ ሥራ አግኝታ ለቀቀች። በብዙ ቦታ የለቀቀ ሠራተኛ መታወቂያውንና የቢሮውን ቁልፍ ይመልሳል፤ የሰርቨሩ ቁልፍ ግን ተረስቶ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። እርሷ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩንና እኔን አስጠራችን። በእርሷ ቦታ የገባው ልጅ በራሱ ስም ገብቶ ይፋ ቁልፏን ከሰርቨሩ፣ ስሟንም ከግል መረቡ ሰረዘ። እርሷ በገዛ ላፕቶፗ ለመግባት ሞከረች፤ ሰርቨሩ ዝም አለ። ሁለተኛ ሞከረች፤ ዝም። ላፕቶፗን ዘጋችና ከቦርሳዋ አስቀድማ የጻፈችውን ወረቀት አወጣች፤ ከዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ወደ ማኅበሩ ሰርቨር የምገባበት ምንም ዐይነት ቁልፍ የለኝም ይላል። በሁለት ቅጂ ነው። ሊቀ መንበሩ አንብበው ፈረሙ፣ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥተው በሁለቱም ላይ አሳረፉ። አንዱን ቅጂ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ብላ አስቀደመችን።